ከባሌ ጋር የተቀበረው ቁልፍ

ሰቆጣ፣ መስከረም 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድከው ወንድሜ ለወርቅአገኘሁ፤ ካለህበት አሥመራ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ሐዘኔ ካልተቆጠረ ደህና ነኝ። የኮረም መንገድ ስለተከፈተ ሹፌሩ አስማረ ደብዳቤህን ትናንት አደረሰልኝ። ዝም አልሽ ብለህ አትቀየመኝ፤ ወንዙ ሞልቶ ነው እንጂ ልቤ ጎድሎ አይደለም።

«ምነው ከሰቆጣ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ፍሊፐሩ አያነሳልኝም?» ላልከው፣ ስለማይጮኽ ነው። ያ አንተ መርጠህ የላክህልን፣ እኛም ከኮረም በሰው ሸክም ያስመጣነው፣ ሳንቲም ሲገባበት የብረት ኳስ የሚያንከባልል ባለ መስታወት መጫወቻ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ጠጅ ቤቴ ጥግ እንደ ተቀየመ እንግዳ አፉን ዘግቶ ቆሟል። የብረት ኳሱ መሐል ላይ ካለው ቀዳዳ አፍ ገብቶ ተወሸቀ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ልነካው ግን አልችልም። መስታወቱን ለማንሳት የፊቱ ትንሽ በር መከፈት አለበት። ለበሩ ደግሞ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ቁልፉ የት እንዳለ ባለፈው ሳልጽፍልህ የቀረሁት አፍሬ ነው። ባሌ ወልደ ጻድቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕቃ መጣል ልማዱ ስለነበር ቁልፉን በቀይ ቆዳ አሰፍቶ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። ከተከዜ ቆላ ንዳድ ይዞት ተመልሶ በሰኔ ሲያርፍ፣ የገነዙት ካህናት ክታብ መሰላቸው። የክርስቲያን ማተብ አይበጠስም፤ ክታብ የመሰላቸውንም የደፈረ አልነበረም። እኔስ ያን ሰዓት ፊቴን እነጭ ነበር እንጂ ቁልፍ እፈልግ ነበር? ትዝ ያለኝ ለአርባው ጠላ ስጠምቅ ነው። ጋኑን አቅፌ ደርቄ ቀረሁ። ቁልፉ ከባሌ ጋር ተቀብሯል።

ምነው በዚህ በበቃ! ዋርሳዬ ደጅይጥኑ፣ የወልደ ጻድቅ ታላቅ ወንድም፣ «ፍሊፐሩ የወንድሜ ነው፤ ወደ ቤቴ ይሄዳል» ብሎ ተነሣ። የእናታችንን የብር ድሪ ሸጬ እንደገዛሁት አንተ ታውቃለህ፤ ነገር ግን የእናት ልጅ ምስክር አይሆንም። ሌላ ምስክር የለኝም። ደጅይጥኑ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ምን አለ መሰለህ? «አምኗት ቢሆን ኖሮ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስር ነበር? ለሷ አይሰጣትም ነበር?» አለ። ይህች ቃል ከሐዘኔ በላይ አመመችኝ፤ አልዋሽህም። አልበቃ ብሎት «መቃብሩ ይከፈትና ቁልፉ ይውጣ» ሲል፣ ቄሰ ገበዝ አሥራተ ማርያም በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው «መቃብሩን የሚከፍተው ባለቤቱ በመጨረሻይቱ ቀን ነው፤ ተቀመጥ!» አሉት።

ያን ጊዜ ነው ተናዶ ጭኑን የመታው። «የሷ ከሆነ ሳትሰብር ትክፈተው! ከከፈተችው ትውሰደው፤ ካልከፈተችው የኔ ነው!» አለ። እኔም ብድግ ብዬ «እከፍተዋለሁ» አልኩ። በምን እንደምከፍተው ግን አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም ዋስ አስጠርተው ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ቀጠሩን።

ስለዚህ ና። ሥራም ካለህ አስፈቅደህ ና።

እህትህ ጥሩሐረግ


አሥመራ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩሐረግ።

እንደምን ሰንብተሻል? በፊተኛውም በአሁኑም ደብዳቤ ደጋግመሽ ስለጠየቅሽኝ እኔም ደጋግሜ እነግርሻለሁ፤ ደህና ነኝ። መምጣቱን ግን አልችልም። ሥራ በዝቷል፤ ፈቃድም የለም። ይቅር በዪኝ። ጽሕፈቴ እንደ ፍየል ቀንድ የተጠማዘዘው ጠረጴዛ ስለሌለኝ ነውና በዚህም አትጨቅጭቂኝ።

«እከፍተዋለሁ» ያልሽውን ሳነብ ሰው እስኪዞርብኝ ሳቅሁ። አባታችን መሪጌታ «ይህቺ ልጅ ከተከራከረች ቅኔ ቤቱን ታዘጋዋለች» ይሉሽ አልነበር? ዳዊት ያስደገሙሽ ቀን ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

አስማረ የሚሰጥሽን የቁልፍ ዘለላ ከየቡና ቤቱ አስለምኜ ያሰባሰብሁት ነው። እነዚህ ፍሊፐሮች ቁልፋቸው አንዳንዴ ይመሳሰላል። ሞክሪው፤ እንቢ ካለ ግን አታስገድጂው፤ ውስጡ ከተሰበረ ጉድ ፈላ። ሁሉም እንቢ ካለ በስስ መሰርሰሪያ የቁልፉን መግቢያ መብሳት ይቻላል። ቁልፉ ይሞታል እንጂ ሌላው አካሉ አይነካም፤ ምትኩን እኔ እልካለሁ። ነገር ግን አስቀድመሽ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። ደጅይጥኑ «ሳትሰብር» ያለውን ቃል በኋላ እንዴት አድርጎ እንደሚመነዝረው እኔም አንቺም እናውቃለን።

ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ይህን ሳትመልሺልኝ አትለፊ።

ወንድምሽ ወርቅአገኘሁ


ሰቆጣ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወርቅአገኘሁ።

እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ነው የሚከፋው።

ዘለላህን ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርህ። አንዱም አልዞረም። አንደኛው እንዲያውም ገብቶ አልወጣ ብሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ከጓዳ ቅቤ ቆንጥሬ ቀብቼ አወጣሁት። እንግዲህ ፍሊፐሩም ቅቤ ተቀብቷል፤ ሙሽራ ይመስላል።

የመሰርሰሪያውን ነገር ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ። ክርክሩን ብታይ! ባላምባራስ ምንዋጋው ለኔ አድልተው «ልጓም ቢበጠስ በቅሎዪቱ ተሰበረች ይባላል?» አሉ። ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ፤ እኔም ልቤ ዘለለ። ቄሰ ገበዝ ግን ጢማቸውን ሲያሹ ቆይተው «የቤት ቁልፍ ሰብሮ የገባ ሰው ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ አንዱ ጅል «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ቁልፉም እንዳይበሳ ተፈረደ። ቄሰ ገበዝን ተቀየምኳቸው፤ ግን ሐሰት ተናገሩ ልል አልችልም።

ደጅይጥኑ አሁን በየቀኑ ይመጣል። አይጠጣም፣ አይበላም። ፍሊፐሩ አጠገብ ተቀምጦ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ይጠርጋል፤ የራሱን ዕቃ እንደሚጠርግ። ደንበኞቼ ይህን እያዩ አንድ አንድ እያሉ ወደ ሌላ ጠጅ ቤት ሄደዋል። «ተው» እንዳልለው ዋርሳዬ ነው፤ የሐዘን ቤት ነው። ጥርሴን ነክሼ አልፈዋለሁ።

ለጠየቅከኝ ለሌላው ነገር፣ አላለቅስም። ከለቀስተኛ ፊት ካለቀስኩት ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ሴት አንዴ «አላመናትም» ከተባለች በኋላ ለባሏ እንዴት እንደሚለቀስ ይጠፋታል። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከሰው ፊት እንዳታነበው።

ፈቃድ የለም ያልከኝን አላመንኩህም።

ጥሩሐረግ


አሥመራ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ።

ያልሽኝን ከሰው ፊት አላነበብሁም። አንብቤም ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፦ ወልደ ጻድቅ ፍሊፐሩን ሊያይ እዚህ የመጣ ጊዜ ከሻጩ ጋር ሲከራከር «ባለቤቴ እሺ ሳትል አልጨርስም» እያለ እኔን አሰልችቶኝ ነበር። የእናት ልጅ ምስክር አይሆንም ብለሻል፤ ለሽማግሌ ባልሆን ለአንቺ ልሁንሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጎኔ ያለ ሰው አለ፤ ተስፋው ይባላል፤ ፍሊፐር ሲጠግን ነው የኖረ። እንዴት ጎኔ ሊሆን ቻለ ብለሽ አትጠይቂኝ። ቀኑን ሙሉ ወሬ የለንምና የአንቺን ነገር አወጋሁት፤ ከኔ ብሶ ተንገበገበ። እንዲህ ይላል፦ ከትንሿ በር ጀርባ፣ ከላይ በኩል፣ አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ ወደ ቀኝሽ፣ ጣት የምታህል የብረት ምላስ አለች። እሷ ወደ ግራ ስትሳብ ከመስታወቱ ፊት የተጋደመው ሰፊ ብረት ይላቀቃል። ብረቱ ከተነሣ መስታወቱ እንደ መሳቢያ ወደ አንቺ ይመጣል። የበሩ ቁልፍ ሳይነካ፣ እትዬ! ሳይነካ!

ችግሩ ምላሷ ያለችው ውስጥ ነው። ተስፋው እስከ ዛሬ በሯን ከፍቶ እጁን እየሰደደ ነው የሚስባት፤ በሯ ተዘግታ ስቧት አያውቅም። «ከሥር እንዴት ነው?» ብለው «ከሥር ማን ያየዋል?» አለኝ። አንቺ እዪው። ተጋደሚና እዪው።

ወርቅአገኘሁ


ሰቆጣ፣ ኅዳር 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለውሸታሙ ወንድሜ።

ከጭነት መኪና ላይ ወድቀህ እግርህ ከተሰበረ ወር አልፎታል። ጀሶ ታስረህ ሐኪም ቤት ተኝተሃል። ይህን ሁሉ አስማረ ነው የነገረኝ፤ እሱም ጠጅ አስቀምሼው እንጂ በደህና አፉ አልነገረኝም። ጎንህ ያለው ተስፋው ማለት አልጋው ጎንህ ያለ በሽተኛ ነው! ጠረጴዛ የለኝም ማለትህ በጀርባህ ተንጋለህ ስለምትጽፍ ነው! መጥቼ ጆሮህን ባልጠመዝዘው... ቆይ፣ አንተ ሐዘኔ ላይ ሐዘን ላለመጨመር ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው የምሳደበው።

ተጋድሜ አየሁት። ጎረቤቴ ወለተ ሐና ስትገባ ከፍሊፐሩ ሥር እግሬ ብቻ ታያት፤ «ዋይ! ዕቃው በላት!» ብላ መንደሩን አስነሳችብኝ። አቧራ ስጠርግ ቆየሁና ምን አገኘሁ? ከሆዱ ሥር የዋንጫ አፍ የሚያክል ቀዳዳ አለ፤ ወንፊት የመሰለ ሽቦ በብሎን ተመትቶበታል። ብሎን መፍታት መስበር አይደለም፤ ይህን እንኳ ደጅይጥኑ ራሱ «እሺ» ብሏል፤ ምን ልታመጣ ብሎ ነው። እጄን ሰደድሁ፤ እስከ ክርኔ ገባ፤ ምላሷ ጋ ግን አልደረሰም። ደግሞ ክንድ እንጂ ዓይን አብሮ አይገባም።

እዚያው ተጋድሜ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። የደብራችን የድሮው በር በምንድን ነው የሚከፈተው? ክንድ በምታህል፣ ጫፏ በቆለመመች ብረት አይደለም? ቄሰ ገበዝ በግድግዳው ቀዳዳ ይሰዷትና ሳያዩ ውስጥ ያለውን መቀርቀሪያ በዳበሳ ፈልገው ይስቡታል። ልጅ ሆነን ጠዋት ጠዋት አይተናል። ብረቷ ግድግዳውን ስትነካ ድምፅዋ ሌላ ነው፤ መቀርቀሪያውን ስታገኝ ሌላ ነው።

ሄጄ ቄሰ ገበዝን «አውሱኝ» አልኳቸው። «የታቦቱን ደጅ መክፈቻ ለመሸታ ቤት መጫወቻ?» ብለው አማተቡ። አፍሬ ልመለስ ስል «ነይ» አሉና ብረቷን ከክንዴ ጋር አስተያዩዋት። «የኛን አልሰጥም፤ ብረት ቀጥቃጩ ገበያው ግን መልኳን ቢቀዳ ማን ይከለክለዋል?» አሉኝ። ቅያሜዬን ያን ጊዜ ትቼዋለሁ። ቀጥቃጩም እየሠራት ነው።

እግርህን ያምሃል? ዛሬ እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ ጥሩሐረግ


አሥመራ፣ ኅዳር 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ፣

አዎ፣ ያመኛል። ሌሊት ይብሳል። ሐኪሙ ግን እንደምራመድ ነግሮኛል፤ ይህ ውሸት አይደለም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቀጠሮው ያለፈ ነው። ምክር ልጽፍልሽ ጀምሬ ሰረዝሁት፤ ለማን ይጠቅማል? ተስፋው «ምላሷ ዝጋ ቢኖራት ትጠነክራለች፤ እንዳትሰበር በአንድ ጊዜ አይንጫት» ይላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይህን መናገር ምን ያደርጋል አልሁት፤ «ይሁን፣ ልቤን ይቅለለኝ» አለኝ። ሁለታችንም ቀጠሮው የኛ የሆነ ያህል እንጾማለን።

ከተሸነፍሽም እህቴ ነሽ። ግን አትሸነፊ።

ወርቅአገኘሁ


ሰቆጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ወንድሜ! ወርቄ! ወንድምዓለም!

ከፈትሁት!

ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጻፍሁ አባታችን ከመቃብራቸው ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ። ከፈትሁት! ሳልሰብር፣ ሳልፍቅ፣ አንድ ጭረት ሳላሳርፍበት ከፈትሁት። ለጤናህ እንደምን አለህ? እግርህ እንዴት ነው? ከፈትሁት!

ትናንት ሽማግሌዎቹ በጠጅ ቤቴ ተሰበሰቡ። ከውጭ ያለው ሰው ከገበያ ቀን ይበልጣል፤ ከደሃና ድረስ የመጣ አለ። ቄሰ ገበዝ «እኔ ከመሸታ ቤት አልገባም፤ ከደጅ ሆኜ እሰማለሁ» ብለው ከመድረኩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ተጋደምሁና ብረቷን በቀዳዳው ሰደድሁ። ደጅይጥኑ ከበላዬ ቆሞ ነበር፤ ጫማው ብቻ ይታየኛል። መጀመሪያ እንጨት ነካሁ፤ ቀጥሎ ሽቦ። ከዚያ «ቅጭ» የሚል ብረት። ገፋሁ፤ እንቢ አለ። ደግሜ ገፋሁ። እጄ በላብ ሟለጠ። ያን ጊዜ ከጆሮዬ አጠገብ «አትግፊ ልጄ! ወደ ግራ ሳቢ፤ ቀስ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ቄሰ ገበዝ ናቸው! መቋሚያቸውን ጥለው፣ ከመሸታ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ጆሯቸውን ከፍሊፐሩ ሆድ ለጥፈዋል።

ሳብሁ። ቀስ ብዬ ሳብሁ። የፊቱ ብረት «ቋ!» ብሎ ዘለለ።

እልልታውን ማን ይቁጠረው። ባላምባራስ ራሳቸው ብረቱን አንሥተው መስታወቱን ወደኔ ሳቡት፤ እጄን ዘርግቼ ኳሱን አነሣሁ። እንዴት ከባድ ነው! ከነሐሴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ኳስ መዳፌ ላይ ቀዝቅዞ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሳላፍር። ለወልደ ጻድቅ ነው ያለቀስኩት።

ገና አላለቀም። እጄን ከላይ አሳልፌ የትንሿን በር ቁልፍ ከጀርባው ፈታሁት፤ በሯ ተከፈተች። ከበሯ ጀርባ ምስማር አለ፤ ከምስማሩ ላይ በክር የታሰረ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሏል! ምትኩ እዚያው ውስጥ ኖሯል! የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ የሚቆልፍ ማነው? ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቄሰ ገበዝ ግን ክሩን በጣታቸው ይዘው አዩትና «ይህ የሴት ጥለት ክር ነው» አሉ። አዎ፤ ከኔ ጥለት የተረፈ ቀይና አረንጓዴ ክር ነው። ወልደ ጻድቅ ቋጥሮት ጫፉ ላይ ወረቀት ሰፍቶበታል፤ በዚያ በማያምር እጁ «የጥሩሐረግ» ይላል።

ጮክ ብለው አነበቡት። ደጅይጥኑ በአገው ቋንቋው በኽምጠኛ አንድ ነገር አጉረመረመና ወጣ። ባላምባራስ «ፍርዱ ታየ፤ ዋሶች ተፈትታችኋል» አሉ።

እህትህ ጥሩሐረግ


አሥመራ፣ ኅዳር 25 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀግናዋ እህቴ።

ይህኛውን ከሰው ፊት አነበብሁት። ይቅርታ፤ አልቻልሁም። «ቋ!» ያለው ላይ ስደርስ ክፍሉ ሙሉ አጨበጨበ፤ እጁ የተሰበረው አልጋውን በእግሩ ደበደበ፤ አስታማሚዋ ሰው ሞተ ብላ እየሮጠች መጣች። ተስፋው «በተዘጋ በር ከሥር የሳበ ሰው ከዛሬ በፊት አላየሁም፤ ይህቺን ሴት ልቅጠራት» ይላል። እኔ «አትቀጠርም፤ ባለ ንብረት ናት» አልሁት።

ወልደ ጻድቅ የጻፈው ወረቀት ጋ ስደርስ ግን ደብዳቤውን ለተስፋው አቀበልሁት። እሱ ጨረሰልኝ።

በምርኩዝ መራመድ ጀምሬያለሁ። ደጅይጥኑስ? አሁንም ይመጣል? አቧራ ይጠርጋል?

ወርቅአገኘሁ


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወርቅአገኘሁ።

በምርኩዝ መራመድህን ሰምቼ ለእግዚአብሔር ሰገድሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ በእውነት ደህና ነኝ። ቤቴ ሞልቷል። የፍሊፐሩ ደወል ሲጮኽ ደጅ የታሰሩ በቅሎዎች ይደነብራሉ እየተባልሁ እከሰሳለሁ፤ ክሱም ጣፈጠኝ።

ስለ ደጅይጥኑ ለጠየቅከኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፍቶ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ደጄ ላይ ተንጫጫ። ብወጣ ዋርሳዬ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ራሱን ደፍቶ፣ ከቄሰ ገበዝና ከባላምባራስ ጋር ቆሟል። «ዕቃውን ስለፈለግሁ አይደለም ይቅርታ የምለው፤ ወንድሜ አላመነሽም ስላልሁት ነው፤ ሟችንም አንቺንም በድያለሁ» አለ። አማርኛው ተሰባበረበት፤ ያለቀሰ ይመስለኛል። ወዲያው ድንጋዩን ማውረድ ነበረብኝ። ትንሽ አቆየሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ቄሰ ገበዝ ሲያፈጡብኝ ነው ያወረድኩለት፤ ሳወርደው ግን ቂሜም አብሮ ወረደ፤ አሁን ብፈልገውም አላገኘውም።

ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ «ልሞክረው?» አለኝ እንደ ልጅ። አሥር ሳንቲሙን አስከፍዬ አጫወትሁት፤ ዘመድ ነህ ብዬ አልማርኩትም። ምንም አያውቅም፤ ኳሱ ሁሉ ወደ ግራ እየሸሸ ያልቅበታል። «የኔ ጥፋት አይደለም፤ ወለልሽ ዘምሟል» ብሎ ተቆጣ። ሌሎቹ ተጫዋቾችም ስንት ጊዜ እንዲህ እያሉ ሲያጉረመርሙብኝ ሰንብተዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እውነቱን ነው፤ የግራው እግር ዝቅ ብሏል።

ዞር ብል ያመጣው ድንጋይ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ጠፍጣፋ ነው፤ ልኩ ነው። «ደጅይጥኑ፣ እስቲ በዚህ በኩል አንሣልኝ» አልኩት። ወገቡን ታጥቆ ፍሊፐሩን አነሣ፤ እኔ ድንጋዩን ከእግሩ ሥር አስገባሁ። ኳሱ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

እህትህ ጥሩሐረግ